ጥላው የማን ነው?

ጎንደር ውስጥ ልጅን «ውጣና ተጫወት» ማለት ቀላል አይደለም፤ በሩ ላይ የሚጠብቀው ባጃጅ ነው። አያቶች የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሊሳለሙ ሲወጡ፣ ከጥዱ ጥላ ሥር አረፍ ይላሉ። ለሙስሊሙ ጎረቤታችን ልጅስ? የፋሲል መዋኛ ሥራቸው ግንቡን ያቀፈ ዛፎች አሉት፤ በአዘቦት ቀን ግን የሚገባው በቲኬት ነው። አራት ልጆች ላሉት ቤት ይህ ወጪ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ለከተማዋ የሚጠጣ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል የሚሞላው፣ ከበላዩ ያሉት ተዳፋቶች ስለተራቆቱ ነው። ሐምሌ ላይ ችግኝ መትከል ሁላችንም እንወዳለን፤ የካቲት ላይ የሚያጠጣው ነው የሚጠፋው። ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ውኃውንም ይጠጣዋል። በየሰፈሩ አንድ ክፍት ቦታ ይተው ብሎ ቀበሌን መጠየቅ የወላጅ ሥራ ነው። እስከዚያው ልጅዎ የተከለውን ችግኝ በዕቃ ማጠቢያው ውኃ ሳይሆን በንጹሑ አብረው ያጠጡ።