ደወሉ የማይጮኽለት አደጋ

ለደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ከተማ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሲበረታ፣ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ ማታ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። አንኮበርም ብርዱ ያው ነው።

ጣሪያዎ ላይ የጭስ ጠቋሚ አስገጥመው ከሆነ ደግ አድርገዋል። ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ግን ይወቁ።

በብዙ ቤት የሚገጠመው ዓይነት በውስጡ ትንሽ ጨረርና ብርሃን ተቀባይ አለው። ጨረሩ ተቀባዩን ሳይነካ ያልፋል። ጭስ ሲገባ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ የተበተነው ብርሃን ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ ደወሉ ይጮኻል። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የሚያስቸግርዎትም ለዚህ ነው። መፍትሔው ባትሪውን መንቀል ሳይሆን፣ መሣሪያውን ከቡናው ቦታ አርቆ በመኝታ ክፍልና በመተላለፊያው ጣሪያ ላይ መስቀል ነው።

እንክብካቤው ቀላል ነው። በወር አንድ ጊዜ የመሞከሪያ ቁልፉን ይጫኑ፤ አቧራውን ይጥረጉ። ባትሪው የሚቀየር ከሆነ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ይቀይሩት። በየተወሰነ ጊዜ አጭር ድምፅ ካሰማ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ከተመረተ 10 ዓመት ከሞላው መሣሪያውን ራሱን ይለውጡ።

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። በደንብ የቀላ ፍም አይጨስም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደማችን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ራሱን ሊስት ይችላል። «ከሰሉ ጭሱ ወጥቶለታል» ብሎ መተኛት አደገኛ ነው፤ አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ያወጣል። የጭስ ጠቋሚው ጭስ ስላላገኘ ዝም ይላል።

ለጋዙ የተሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ለብቻው አለ፤ ሲገዙ ማሸጊያውን አንብበው ይለዩ። ቢኖርዎትም ከሰል ይዞ ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም። ፍም ባለበት ቤት አንድ ሰው ራሴን አመመኝ ካለ በርና መስኮት ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፤ ወደ ሐኪም ቤትም ይውሰዱት።

ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ሌሊቱን ለብርድ ልብስና ለጋቢ ይተዉት፤ ፍሙ ደጅ ይደር።