ወገብ ላይ የታሰረ ክርክር

በየካቲት 2017 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለመሣሪያ ፈጣሪዎች የሚሰጠውን የሳይንስና የቴክኒክ ሽልማት ሲያድል፣ በአንድ ምሽት ሁለት ተቀናቃኞችን አከበረ። የኒው ጀርዚው ዛክስኮም መሥራች ግሌን ሳንደርስና ሃዋርድ ስታርክ ለዲጂታል ገመድ አልባ ማይክሮፎናቸው ተሸለሙ። የኒው ሜክሲኮው ሌክትሮሶኒክስ ሦስት ሰዎችም በዚያው ሙያ ለሠሩት ሥራ ተሸለሙ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ድርጅቶች የተገናኙት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) ቢሮ ውስጥ፣ በከሳሽና በተከሳሽ ወገን ነበር።

ያጣላቸው ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው። ተዋናዩ ደረቱ ላይ፣ ከሸሚዙ ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታክል ማይክ ተለጥፋበታለች። ቀጭን ገመዷ ወገቡ ላይ ወደታሰረችው ማሰራጫ ይወርዳል፤ ማሰራጫዋ ድምፁን በሬዲዮ ሞገድ ትልካለች፤ የድምፅ ባለሙያው ራቅ ብሎ በጆሮ ማዳመጫ ይከታተላል። ተዋናዩ ከመኪና ጀርባ ሲዞር፣ የገዛ ሰውነቱ አንቴናውን ሲጋርደው ወይም ሌላ ሞገድ ጣልቃ ሲገባ ድምፁ ይቆረጣል። ዳይሬክተሩ የወደደው ትወና ያ ከሆነ ጉድ ፈላ። ከወራት በኋላ ተዋናዩ ስቱዲዮ ገብቶ፣ የራሱን ከንፈር እያየ፣ ያንኑ ቃል እንደገና ይናገራል። ያኔ ከልቡ ያለቀሰ ሰው ዛሬ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያንን ለቅሶ ከየት ያመጣዋል?

የዛክስኮም መላ ማሰራጫዋ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ማስገባት ነበር። እየላከች ትቀዳለች። ሞገዱ የበላውን ካርዱ ይዞ ይጠብቃል። የመላው ቁልፍ ግን ታይምኮድ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ድምፅ ከካሜራውና ከዋናው መቅጃ ጋር አንድ ዓይነት ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና ፍሬም ስለሚይዝ፣ የጎደለው ቁራጭ ከካርዱ ተነሥቶ በትክክል ቦታው ላይ ይገባል። ሰዓቱ ባይገጥም ኖሮ ካርዱ ኤዲተሩን ቀኑን ሙሉ ፍለጋ ላይ ያውለው ነበር።

ማመልከቻው የገባው በ2005 ነው፤ የመጀመሪያው ፓተንት በ2010 ተሰጠ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ ወዲያ በፓተንቱ ሳቢያ የመጣው ነገር ያስቃልም፣ ያናድዳልም። ሌክትሮሶኒክስ አሜሪካ ውስጥ የሸጣቸው መቅጃ ያላቸው ማሰራጫዎች ወይ ይልኩ ወይ ይቀዱ ነበር፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይሠሩም ነበር። ለሌላው ዓለም ገበያ የተሠሩት አቻዎቻቸው ግን ሁለቱንም ይሠሩ ነበር። ዕቃው ያው፣ ካርዱ ያው፤ እጁን ያሰረው የገበያው አድራሻ ነው። (ዕቃ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ማስመጣት ለለመድን ለእኛ ይህ ተራ ወሬ አልነበረም፤ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።)

በዚያው መሃል የሬዲዮ ሞገዱ ራሱ እየጠበበ ሄደ። ማይክሮፎኖቹ የሚጠጉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባልያዙት ክፍተት ነው። አሜሪካ በ2010 ከ700 ሜጋኸርዝ ሰፈር አስወጣቻቸው። በ2017 ደግሞ የ600 ሜጋኸርዙን ጨረታ ዘጋች፤ ሞገዱ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ለሞባይል አገልግሎት ተሸጠ። ማይክሮፎኖቹ እስከ ሐምሌ 2020 አብዛኛውን ለቅቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ባለሙያው የሚተማመንበት ሞገድ በቀነሰ መጠን ካርዱ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ፤ እሱ ደግሞ በሕግ ተቆልፎ ነበር።

ሌክትሮሶኒክስ በ2018 የዛክስኮም ፓተንቶች እንዲሰረዙ ጠየቀ። የፓተንት ቢሮው የይግባኝ ቦርድ የሰጠው ውሳኔ ሁለት ፊት አለው። መጀመሪያ የተጻፉት የመብት ጥያቄዎች ከመጠን በላይ ሰፊ ስለሆኑ ቀደም ሲል የነበረ ሌላ ፈጠራ ይሽራቸዋል አለ። ዛክስኮም አጥብቦ ያቀረባቸውን ምትክ ጥያቄዎች ግን ተቀበለ፤ ሙያው ለረጅም ጊዜ ሲፈልገው የኖረ መፍትሔ መሆኑና ያገኘው አድናቆት በማስረጃነት ተቆጠሩለት። ሁለቱም ወገኖች ይግባኝ አሉ፤ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022 ውሳኔውን እንዳለ አጸናው።

ውሳኔው ለእኔ ሚዛናዊ ነው። መቅጃን ሰውነት ላይ ማሰር የማንም የግል ርስት ሊሆን አይገባም። የጠፋውን ድምፅ በሰዓት አዛምዶ መልሶ መትከሉን አስቦ ሠርቶ ያሳየ ሰው ግን የድካሙን ዋጋ ሊያገኝ ይገባዋል። የሚከነክነኝ እስከዚያ ያለፈው ጊዜ ነው። በነዚያ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከሁለቱ ባንዱም ሳይወግን ሥራውን ብቻ መሥራት የፈለገ ባለሙያ፣ ምርጫው ወይ የአንድ ድርጅት ደንበኛ መሆን ወይም የተዋናዩ ወገብ ላይ ሁለተኛ መሣሪያ መደረብ ነበር። ጠባብ ቀሚስ የለበሰች ተዋናይት ላይ ሁለተኛውን የት ይደብቀዋል?

ዛሬ የቪዲዮ ብሎገሮች የሚገዟቸው ማይኮች ሳይቀሩ ይቀዳሉ። በ2023 የወጣው የሮድ ኩባንያ ማይክ፣ ዋየርለስ ፕሮ፣ ማሰራጫው ውስጥ 32 ቢት ፍሎት በተባለ አቀዳድ ይቀዳል፤ ተዋናዩ ከሹክሹክታ ድንገት ወደ ጩኸት ቢዘል ከፍታው በኋላ ሊስተካከል ይችላል። ካርዱ ግን የራሱን ሥራ ይዞ መጥቷል። ስምንት ተዋናይ ባለበት ትዕይንት ማታ ላይ ስምንት ካርድ መገልበጥ፣ ስም መስጠት፣ ማጽዳትና ለነገ ማዘጋጀት አለ፤ ይህን ሁሉ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ቡም (ጫፉ ላይ ማይክ ያለበት ረጅም ዘንግ) ተሸክሞ የዋለው ረዳት ነው።