ከማኅተሙ በስተጀርባ ያለው ሰው ማን ነው?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአባቶች ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ቃሉ ለንግድም ይስማማል። ነጋዴ ከገንዘቡ አስቀድሞ ወደ ገበያ ይዞት የሚወጣው ስሙን ነውና። ገንዘቡ ቢጐድል ስሙ ያስበድረዋል፤ ስሙ ቢጐድል ግን ገንዘቡ ብቻውን ሩቅ አያደርሰውም።

ከእንጦጦ ተራራ በሚወርደው በቀበና ወንዝ ግራና ቀኝ ለሚኖረው ሰው ይህ ነገር የተሰወረ አይደለም። የሰፈሩ ሰው ዕቁብ ሲገባ የዕቁቡ ዳኛ ቤቱን ያውቃል። ዕጣ የወጣለትም እንደ ሆነ ዋስ ይጠራል እንጂ ገንዘቡ እንዲሁ አይቈጠርለትም። ዋሱም ቢሆን በዕድር መዝገብ ስሙ የሰፈረ፣ በሐዘንና በደስታ የሚታይ ሰው መሆን አለበት። የዕቁብ ሕግ በአጭሩ ሲነገር፣ የሰው ገንዘብ የሚይዝ ሰው ፊቱ ይታወቅ፤ ቢጠፋም የሚፈለግበት ደጅ ይኑር ማለት ነው።

በዚያው ሰፈር መንገድ ዳር ዛሬ የምናያቸው ሰሌዳዎች ግን ሌላ ዓይነት ስም ተጽፎባቸዋል። የሰው ስም አይደለም፤ የድርጅት ስም ነው። በመጨረሻውም ላይ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ወይም «አክሲዮን ማኅበር» የሚል ቃል ይከተላል። እንግዲህ ከዚህ ድርጅት ጋር የሚዋዋል ሰው፣ ዕቃ በዱቤ የሚሰጥ፣ ደመወዝ የሚጠብቅ፣ ግብር የሚሰበስብ ሁሉ፣ ከዕቁቡ ዳኛ ጋር አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ከማኅተሙ በስተጀርባ ያለው ሰው ማን ነው?

ሕግ የፈጠረው ሰው

ማኅበር ማለት ሕግ የፈጠረው ሰው ነው። በስሙ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ነገር ግን እጅ የለውም፤ ሌላ ሰው ይፈርምለታል። ፊት የለውም፤ ሌላ ሰው ይቀርብለታል። በአገራችን ይህን ሕግ አሟልቶ የደነገገው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት አክሲዮን ማኅበር ለማቋቋም ከ50,000 ብር የማያንስ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ ከ15,000 ብር የማያንስ ዋና ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ሕጉ ለባለ ገንዘቡ የሰጠው ትልቅ ጥቅም፣ ማኅበሩ ቢከስር ያገባው ገንዘብ ይጠፋበታል እንጂ የመኖሪያ ቤቱና የልጆቹ ቀለብ አይነካበትም ማለቱ ነው። ይህም ሰው ሳይፈራ ገንዘቡን አውጥቶ ትልቅ ሥራ እንዲጀምር አድርጓል።

ሆኖም ያው ሕግ አክሲዮን የባለቤቱ ስም ሳይጻፍበት፣ ወረቀቱን ለያዘው ሰው ሁሉ የሚሆን ተደርጎ እንዲወጣ ይፈቅድ ነበር። እንዲህ ያለውን አክሲዮን በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት ነው፤ ነገ ለሌላ ቢያቀብለው ደግሞ ያ ሌላው ባለቤት ይሆናል፤ ስሙን የሚመዘግብ የለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን አስቀርቶ፣ አክሲዮን ሁሉ በባለቤቱ ስም የተመዘገበ እንዲሆን አዘዘ። በሌላ በኩል አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ለማቋቋም እንዲችል በር ከፈተ። ማኅበሩ በአንድ ሰው ብቻ ሲቆም፣ ያ ሰው በእርግጥ ማን እንደ ሆነ የማወቁ ነገር ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል።

ነጋዴን ለይቶ ማወቅ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ነጋድራሱ የገበያውና የቀረጡ አለቃ ሆኖ ነጋዴውን በፊቱና በሸቀጡ ያውቀው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ የተሰጠው ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል መሆኑም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ነጋድራስ በዓይኑ የሚያውቀው ነጋዴ ጥቂት ነበር። ከተማው ሲሰፋ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡም እውነተኛ ካልሆነ ከዓይን የባሰ ዕውር ነው።

ሰው የሌለበት ድርጅት

መዝገቡ ሐሰት ሲሆን የሚደርሰውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል፤ ልኩም ከመቶ 15 ነው። ነጋዴው ሲሸጥ ከሰበሰበው ታክስ ላይ ሲገዛ የከፈለውን ቀንሶ ቀሪውን ለመንግሥት ያገባል። ሲገዛ ለመክፈሉ ማስረጃው ደረሰኝ ነው። አሁን አንድ አታላይ በሐሰት መታወቂያ ድርጅት ያስመዘግባል። ዕቃ የለውም፤ መጋዘን የለውም፤ ያለው የደረሰኝ ጥራዝ ብቻ ነው። የአንድ ሚሊዮን ብር ዕቃ እንደ ሸጠ አድርጎ ለሌላው ነጋዴ ደረሰኝ ይሸጥለታል። ያ ነጋዴ በዚህች ወረቀት ከመንግሥት 150,000 ብር ያስቀራል፤ ለአታላዩም ከዚያ ጥቂት ያካፍለዋል። ተቈጣጣሪዎች ነገሩን ደርሰውበት ወደ ተመዘገበው አድራሻ ሲሄዱ በሩ ዝግ ነው። በመታወቂያው የተጻፈውን ሰው ሲፈልጉት ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ከነጭራሹ አልተወለደም።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል» እንደሚባለው፣ አታላይ የሚከበረው በማይታወቅበት ስፍራ ነው። ገቢዎች ሚኒስቴርም በሐሰት መታወቂያ ተቋቁመው ሐሰተኛ ደረሰኝ ስለሚያሠራጩ ድርጅቶች በየጊዜው ሲያስታውቅ ቆይቷል። ጉዳቱ የመንግሥት ብቻ አይደለም። በትክክል ደረሰኝ ቈርጦ በትክክል ግብር የሚከፍለው የቀበና ባለ ሱቅ፣ ከማይከፍለው ጋር በአንድ ገበያ ቆሞ ዋጋ መወዳደር አይሆንለትም።

የዚህ ተንኮል ሥሩ የወረቀት መታወቂያ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ፎቶግራፍና ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ አንዱ ቀበሌ የሰጠውን ሌላው ቀበሌ ስለማያይ፣ አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት መታወቂያ ቢይዝ በቀላሉ አይታወቅበትም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። «ፋይዳ» የተባለው መታወቂያ ሲሰጥ የዐሥሩ ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል። መሣሪያውም ይህን ቀድሞ ከተመዘገበው ሁሉ ጋር ያስተያያል። ሰውየው በሌላ ስም ሊመለስ ቢሞክር ስሙን ቢለውጥም ጣቱን አይለውጥምና ይያዛል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሂሳብ የሚከፍት ሰው ፋይዳ እንዲያቀርብ አዝዟል። ያለ ባንክ ሂሳብ የሚሠራ ማኅበር ስለሌለ፣ ነገሩ በዚሁ በር ወደ ንግዱ ገብቷል።

ከቀበና እስከ ለንደን

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ነው ብሎ የሚያፍር ሰው ቢኖር፣ ከቀበና ሳይርቅ መጽናኛ ያገኛል። በአቅራቢያው ያለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ዳግማዊ ምኒልክ ለሌጋሲዮኑ የሰጡት ቦታ ነው። የዚያ ኤምባሲ አገር በሕግና በመዝገብ አያያዝ ብዙ ዘመን የተመሰከረለት ነው። ሆኖም የኩባንያዎች መዝገብ ቤቱ ለረጅም ጊዜ የቀረበለትን ወረቀት ተቀብሎ ከማስቀመጥ በቀር፣ የተጻፈው ስም እውነት መሆኑን የመመርመር ሥልጣን አልነበረውም።

በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ይህን ቀዳዳ ለማሳየት ሲል፣ በጊዜው የንግድ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩት በቪንስ ኬብል ስም፣ እርሳቸው ሳያውቁ ኩባንያ አስመዘገበ። ያደረገውንም ራሱ ለሚኒስትሩ ጽፎ ነገራቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት የቀጣው ይህንኑ ሰው ነው። ብልሃቱ አስቂኝ ቢመስልም ትምህርቱ ከባድ ነው፤ የሚኒስትር ስም ያለ ጥያቄ ከገባ የማን ስም አይገባም? በመጨረሻ በ2023 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጣ። ከኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮም በዚያ አገር አዲስ የሚሾም የኩባንያ ዲሬክተር ማንነቱን ሳያረጋግጥ እንዳይሠራ ሆነ። ከአክሲዮኑ ከመቶ 25 በላይ የያዘ ባለቤትም ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ታዘዘ። ለነባሮቹ የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው። በለንደን ምግብ ቤት ወይም የሸቀጥ መደብር በኩባንያ ስም የከፈቱ ወገኖቻችንም ይህ ትእዛዝ ደርሷቸዋል።

የተዋሰ ስም

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ሐሰተኛ ሰው ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን እውነተኛ ሰው ስሙን ያዋሰ እንደ ሆነ ነው። መሣሪያ የጣትን አሻራ ያረጋግጣል፤ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ግን ከጣት ላይ አይነበብም።

እንበልና በቀበና በአንድ ግቢ በዘበኝነት የሚያገለግል ሰው አለ። ጌታው አንድ ቀን ይጠራውና «አንተ የቤቴ ሰው አይደለህም እንዴ? ስምህን ለፊርማ ብቻ አውሰኝ፤ በየወሩ አንድ ነገር አደርግልሃለሁ» ይለዋል። ዘበኛውም «እሺ ጌታዬ» ብሎ ይሄዳል። መታወቂያው እውነተኛ ነው፤ አሻራው የራሱ ነው። ማኅበሩ በስሙ ይቋቋማል፤ ሥራ አስኪያጅም ተብሎ ይጻፋል። በማግሥቱ ወደ ውልና ማስረጃ ይወሰድና ሥልጣኑን ሁሉ ለጌታው በውክልና ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ማኅተሙን አያየውም፤ ሂሳቡንም አያውቀውም። ከዓመታት በኋላ የግብር ዕዳና የወንጀል ክስ ሲመጣ ግን በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የእርሱ ነው። የታክስ ሕጉ ድርጅቱ ባጠፋ ጊዜ ሥራ አስኪያጁን ይጠይቃል። «እኔ ዘበኛ ነኝ» የሚለው ቃል በእውነት የተነገረ ቢሆንም፣ ፊርማው ይመሰክርበታል።

ስምን ለማዋስ የሚገፋፋው አንዳንድ ጊዜ ክልከላ ነው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አንድ ነጋዴ ከአንድ ፈቃድ በላይ እንዳይኖረውና ዋና ገንዘቡም በችርቻሮ ከ200,000፣ በጅምላ ከ300,000 ብር እንዳያልፍ ወሰነ። እንዲህ ያለ ወሰን ባለበት፣ ሁለተኛውን ሱቅ በወንድም ወይም በባለቤት ስም መክፈት የሚቀርብ መንገድ ነው። በቅርቡም በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ፣ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የያዙትን አክሲዮን እንዲለቁ አዘዘ። የወጣው ሕግ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ይፈቅድ ነበርና። በራሳቸው ስም በግልጥ የገዙት ለቀቁ። በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ በሩ እንደ ገና ተከፈተላቸው። በዚህ መካከል አክሲዮኑን በእኅቱ ስም አስቀምጦ ዝም ያለ ሰው ቢኖር፣ መዝገቡ እርሱን ሊያየው አይችልም ነበር። ስለዚህ ማንነትን የሚመረምር መንግሥት፣ ሰው ማንነቱን እንዲደብቅ የሚያደርገውን ምክንያትም አብሮ ቢመረምር መልካም ነው።

በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 780፣ ባንኮች የደንበኛቸውን ስም ብቻ ሳይሆን በመጨረሻ የሚጠቀመውንና የሚያዝዘውን ሰው ለይተው እንዲያውቁ አስገደደ። ይህ ከአሻራ ይልቅ የሚከብድ ሥራ ነው። የሚሠራውም በመሣሪያ ሳይሆን በጥያቄ ነው፦ ገንዘቡ ከየት መጣ? ትርፉ ወደ ማን ይሄዳል? ማነው የሚያዝዘው? የባንኩ ሠራተኛና የንግድ መዝጋቢው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ካልጠየቁ፣ ከዘበኛው ጣት የተወሰደው አሻራ የጌታውን ፊት የሚሸፍን መጋረጃ ይሆናል።

የጥንቃቄ ቃል

ሁለት ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባም። አንደኛው፣ ማረጋገጫው ለድኻው ግድግዳ እንዳይሆን ነው። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በቀበና በኩል ሲወርዱ የኖሩ እናቶች የጣታቸው መስመር በሥራ ብዛት ሊጠፋ ይችላል። ከመካከላቸው አንዷ ነገ ትንሽ ሱቅ ለመክፈት ብትመጣ መሣሪያው ጣቷን ባይቀበል፣ የዓይኗ ብሌን አለና በትዕግሥት ይታይላት እንጂ ተመለሺ አትባል። ሁለተኛው፣ የተሰበሰበው ምስጢር ይጠበቅ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ የዓይን ብሌን ግን አይለወጥም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የተደነገገው ለዚህ ነውና፣ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ያሻል።

ለአንባቢዎቻችን የምንተወው ምክር አጭር ነው። ማኅተሙን ከማታዩበት፣ ሂሳቡን ከማታውቁበት ማኅበር ስማችሁን አታዋሱ፤ የጠየቃችሁ ዘመድ ቢሆን እንኳ። ያነበባችሁትን እንጂ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ቀድሞ የሰጣችሁት ውክልና ካለ ዛሬ ምን እየተሠራበት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ መሻርም ይቻላልና ካስፈለገ ሻሩት። ልብስ ቢዋስ ታጥቦ ይመለሳል፤ ስም የተዋሰ እንደ ሆነ ግን እድፉን የሚያጥበው ባለቤቱ ነው።