የጭቃ ቤትን ግድግዳ በቀለም ማስጌጥ፦ ከሐይቅና ከአምባሰል ቤቶች አንጻር

በደቡብ ወሎ ዞን ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የሐይቅ ከተማና ከዚያ አለፍ ብሎ ባለው የአምባሰል ወረዳ፣ በርካታ መኖሪያ ቤቶች በባሕር ዛፍ እንጨት ተማግረው በጭቃ የተመረጉ ናቸው። የቤቱን እንጨት ማቆምና ማዋቀር የወንዶች ሥራ ሆኖ ሲቆይ፣ ግድግዳውን መለቅለቅ፣ ማለስለስና ማስዋብ ግን በአመዛኙ የሴቶች ሙያ ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል፣ በእስልምና እምነት ተከታዮች ዘንድ ደግሞ ለዒድ በዓላት፣ ወይም ሠርግ ሲደገስ ከሁሉ አስቀድሞ እጅ የሚነካው ግድግዳው ነው።

ይህ ሙያ በከተሞች አካባቢ በፋብሪካ ቀለም እየተተካ መጥቷል። ለውጡ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ችግር የሚፈጠረው ለብሎኬትና ለሲሚንቶ ግድግዳ የሚሆነው ቀለም ያለ ለውጥ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ነው። ብዙ ወጪ የወጣበት አበባና ሐረግ ዓመት ሳይሞላው ይነፋና ይላጣል፤ ሲላጥም የጭቃውን ፊት ይዞ ይወርዳል። ቤተሰቡ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ምርጊቱንም እንደገና ለማሠራት ይገደዳል።

ምክንያቱ የጭቃው ጠባይ ነው። ጭቃ በዝናብ ወቅት ከመሠረቱም ሆነ ከአየሩ ርጥበትን ይስባል፤ በበጋ ደግሞ የሳበውን መልሶ ወደ አየር ይለቃል። እንደ ሐይቅ ባለ ክረምቱ ጠንካራ በሆነ አካባቢ ይህ እንቅስቃሴ በየዓመቱ የሚደጋገም ነው። የዘይት ቀለም ግድግዳው ላይ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ ያለ ሽፋን ስለሚሠራ ርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከሽፋኑ ጀርባ ተጠራቅሞም ጭቃውን ያላላዋል። በውኃ የሚበጠበጠው የፋብሪካ ቀለም ከዘይቱ ይሻላል፣ ሆኖም ተደራርቦ ሲቀባ እርሱም ከዚህ ችግር ነፃ አይሆንም። ጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰንም መፍትሔ አይደለም፤ ሁለቱ በርጥበትና በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኮማተሩ ልስኑ ውሎ አድሮ ከጭቃው ይለያል።

ስለዚህ የግድግዳ ጌጥ የሚጀምረው ከቀለሙ ሳይሆን ከምርጊቱ ነው ማለት ይቻላል። የውስጥ ግድግዳ የመጨረሻው ልስን ከጠጠር በተነፋ አፈር፣ በደቀቀ የጤፍ ጭድና በውኃ ተቦክቶ ለተወሰኑ ቀናት መብሰል አለበት። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ርጥበት ሲያገኝ አብጦ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ለመጨረሻው ልስን አይመረጥም። በልስኑ ላይ የሚታይ ስንጥቅ ካለም ጌጡ ከመጀመሩ በፊት በርሶ በዚያው ጭቃ መሞላት ይገባዋል፤ በቀለም ብቻ የተሸፈነ ስንጥቅ በመጀመሪያው በጋ ተመልሶ ይታያልና።

ልስኑ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ለጌጡ መደብ የሚሆነው ነጭ ቀለም በኖራ ሊዘጋጅ ይችላል። በውኃ የጠፋና በሚገባ የተጣራ ኖራ እንደ ስስ ወተት ሆኖ ይበጠበጣል፤ ግድግዳው አስቀድሞ ውኃ ይረጭበታል፤ ከዚያም ኖራው በስሱ፣ በየመሐሉ የአንድ ቀን ዕረፍት እየተሰጠ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቀባል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ዘወትር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ኖራውን ያወፍረዋል፣ ወፍራም ኖራ ግን ይፈረካከሳል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ በመሆኑ ይህ የሚሆነው በቀጭን ሽፋንና በትዕግሥት ነው። በዚህ መልክ የጠነከረ ኖራ እንፋሎትን ስለሚያሳልፍ ከጭቃው ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ኖራ ዓይንንና ቆዳን የሚያቃጥል በመሆኑ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ ሕፃናትም ከአካባቢው መራቅ አለባቸው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ቀይና ቢጫ አፈር በየአካባቢው የሚገኝ ሀብት ነው። ቀለማቸው የሚመጣው ከብረት ኦክሳይድ በመሆኑ በፀሐይ አይነጡም፣ በኖራም አይበላሹም። አፈሩ ይወቀጣል፤ በነጠላ ጨርቅ ይነፋል፤ በውኃ ተበጥብጦ ሻካራው ከሥር እንዲዘቅጥ ከተደረገ በኋላ ከላይ ያለው ስስ ደለል ተቀድቶ ይደርቃል። ይህ ዱቄት ከኖራ ጋር የሚቀላቀል ከሆነ ከኖራው ክብደት ከመቶ 10 እጅ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበዛ ግድግዳውን የነካ ልብስ ሁሉ ቀለም ይይዛል። ያለ ኖራ በቀጥታ ጭቃ ላይ ለመቀባት ደግሞ በውኃ የበሰለ ስስ የስንዴ ዱቄት ማጣበቂያ በቂ ነው። ጥቁሩ ከደቀቀ ከሰል ይገኛል። የአፈር ቀለም ርጥብ ሳለ ጠቆር ብሎ ሲደርቅ ስለሚፈካ፣ ሙሉ ግድግዳ ከመጀመሩ በፊት በትንሽ ቦታ ላይ ቀብቶ ማየት ተገቢ ነው።

የጌጡ ቅርጽ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ አካባቢው ሩቅ የሚያስኬድ አይደለም። ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋው ሞሰብና ሰፌድ ሦስት ማዕዘኑን፣ ሰያፍ መስመሩንና እንደ ደረጃ የሚሄደውን ቅርጽ ለዘመናት ይዞ ቆይቷል። የስፌቱ ንድፍ በቆጠራ የሚሠራ በመሆኑ ወደ ግድግዳ ሲዛወር ለመለካት አያስቸግርም። ሌላው ምንጭ የብራና ጥበብ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው ወንጌል፣ ዘመናቸው በውል ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ባለሥዕል የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሐረግ የሚባለው እርስ በርሱ የሚጠላለፍ የብራና ጌጥም በኋለኞቹ ዘመናት መጻሕፍት ላይ በስፋት ይታያል። ገዳሙ የወንዶች በመሆኑ፣ ቤታቸውን የሚያስጌጡት የአካባቢው ሴቶች ይህን መጽሐፍ በቦታው ተገኝተው የማየት ዕድል የላቸውም፤ የጌጡን ቅርጽ በትምህርት ቤቶችና በባህል ማዕከላት በታተመ መልክ ማሳየት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይሆንም።

ንድፉን ግድግዳ ላይ ማስፈር በልክ የሚሠራ ነው። የጭቃ ቤት ወለልና ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለ ስላልሆነ በነርሱ መመራት ጌጡን ያጣምመዋል። ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውኃ በተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ልክ ተወስዶ፣ ከሰል የተቀባ ሲባጎ በሁለት ሰው ተወጥሮ ሲነጠር ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል። ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ያለው ክፍል መደብና ወንበር የሚነካው፣ የመጥረጊያ ውኃም የሚረጭበት በመሆኑ ጠቆር ባለ አንድ ቀለም ቢያዝ ይሻላል፤ ጌጡ ከዚያ በላይ እንደ ጥለት ይዞራል።

ቀጥሎ የግድግዳው ርዝመት በአንዱ ቅርጽ ስፋት ይካፈላል። ለምሳሌ ግድግዳው 3 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር፣ ቅርጹ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በትክክል 12 ጊዜ ይገባል። ግድግዳው 3 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን 15 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። በዚህ ጊዜ ቅርጹን ማዕዘን ላይ ከመቁረጥ ይልቅ የእያንዳንዱን ስፋት ወደ 31 ሳንቲ ሜትር ከሩብ ማስፋት ይመረጣል፤ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም፣ ማዕዘን ላይ የተቆረጠ ጌጥ ግን ከበር ይታያል። ቅርጹ በካርቶን ተቆርጦ ከግድግዳው መሐል ወደ ግራና ቀኝ ይነደፋል። ከፈካው ቀለም ተጀምሮ ወደ ጠቆረው ይኬዳል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይነካም።

በአገራችን የተዋበ የቤት ውስጥ ግድግዳ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በሐረር ጁገል፣ በባህላዊው ቤት ውስጥ ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ የከተማዋ ነዋሪዎች ቀዩን ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር ያያይዙታል። በሐላባም የገጠር ቤቶች በቅርጻ ቅርጽና በእንስሳት ሥዕል ይደምቃሉ። ከቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ በሳውዲ ዓረቢያ የዐሲር አካባቢ ሴቶች የእንግዳ መቀበያ ክፍላቸውን ግድግዳ በነጭ መደብ ላይ በደማቅ ቀለማት የሚያስጌጡበት «አል-ቀጥ አል-ዐሲሪ» የተባለ ጥበብ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የቤቱ እመቤት ዘመዶቿን ጠርታ ትልልቆቹም ትንንሾቹም በጋራ የሚሠሩት በመሆኑ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሥራው ላይ ነው። በእኛም ዘንድ ሙያው የሚገኘው በመጽሐፍ ሳይሆን በእናቶች እጅ ነው፤ በየወረዳው የሚገኙ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ እንዴት እንደሚቀመምና ቅርጹ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠይቀው ቢመዘግቡ ሥራው በእጅጉ ዘግይቷል አይባልም፤ ቀድሟል ግን አይባልም።

የፋብሪካ ቀለም የሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን ሊይዙ ይችላሉ፤ ለጌጥ ዘወትር የሚመረጡትም እነዚሁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይገልጻል፤ ይበልጥ የሚጎዱትም በአእምሮ ዕድገት ላይ ያሉ ሕፃናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ1 ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይሁንና ከደንቡ በፊት የተቀቡ ግድግዳዎች፣ በሮችና መስኮቶች ዛሬም በመኖሪያ ቤቶችም ሆነ በመሥሪያ ቤቶች አሉ። አሮጌ የዘይት ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ ብናኙ ወደ ምግብና ወደ ትንፋሽ ይገባል። በውኃ እያራሱ መፋቅ፣ ፍቅፋቂውን በላስቲክ ሰብስቦ ማስወገድና ሥራው እስኪያልቅ ሕፃናትን ከክፍሉ ማራቅ ያስፈልጋል። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ቀለም የሚገዙ የግዥ ሠራተኞችም የእርሳሱን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ከአቅራቢው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ዛሬ በውጫሌ፣ ነገ በሌላ ወረዳ ይመደባል። የሰው ግድግዳ ላይ ሐረግ መሳል የአከራይን ፈቃድ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ ድካሙን ትቶ መሄድ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን አሠራር በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ይገኛል። በጣና ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻዎች ባሉ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። በቤት ውስጥ ጨርቁን መለጠፍ ሳያስፈልግ፣ አቡጀዴ በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ፣ በስስ የዱቄት ማጣበቂያ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ በዚያው በአፈር ቀለም ይነደፋል። ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ረጅም ጨርቅ በግድግዳው ላይ እንደ ጥለት ተዘርግቶ ከላይና ከታች በቀጭን ጣውላ ይያዛል። ዝውውር ሲመጣ ከጣውላው ተፈትቶ ሥዕሉ ወደ ውጭ እንደሆነ በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቀለላል፤ ከታጠፈ ቀለሙ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።