የሕክምና ምኅጻረ ቃላት

ቃልን አሳጥሮ መጻፍ በአማርኛ የቆየ ልማድ ነው። «ዶክተር» ዶ/ር፣ «ሆስፒታል» ሆ/ል ተብሎ ሲጻፍ እዝባሩ የቃሉን መነሻና መድረሻ ፊደል ስለሚያገናኝ አንባቢ አይቸገርም። በነጥብ የሚጻፉት ግን ከየቃሉ መነሻውን ፊደል ብቻ ስለሚይዙ ሙሉውን ስም አስቀድሞ ላላወቀ ሰው ዝግ ናቸው።

ስለ ጨረር የሚጻፈውን ተመልከቱ። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘውን ጨረር ምንነቱ ስላልታወቀ «ኤክስ» አለው። እኛ «ራጅ» የምንለው ኢጣሊያኖች ጨረሮችን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው። ሲ.ቲ. የተባለው ምርመራ በዚሁ ጨረር ይሠራል። ኤም.አር.አይ. ግን፣ ከሲ.ቲ. ጋር አብሮ ስለሚነሣ ብዙዎች አንድ ይመስሏቸዋል እንጂ፣ የሚሠራው በመግነጢስና በራዲዮ ሞገድ ነው፤ የኤክስ ጨረር የለበትም።

ይበልጥ የሚያሠጋው የመለኪያው አጻጻፍ ነው። ጨረር በጤና ላይ የሚያስከትለው ሥጋት በሲቨርት ይለካል። ሚሊሲቨርት የሲቨርት አንድ ሺኛ፣ ማይክሮሲቨርት ደግሞ የሚሊሲቨርት አንድ ሺኛ ነው። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት፣ ማለትም 100 ማይክሮሲቨርት ያህል ይሰጣል። ሁለቱን «ሚ.ሲ.» እና «ማ.ሲ.» ብለን ብናሳጥራቸው፣ «ሚ» እና «ማ» በችኮላ ጽሑፍ ስለሚመሳሰሉ መጠኑ በሺህ እጥፍ ሊዛባ ይችላል። በመድኃኒት ትእዛዝማ አደጋው የባሰ ነው። ስለዚህ «ሚ.ግ.» ለሚሊግራም የተለመደ ቢሆንም «ማይክሮግራም» ምንጊዜም በሙሉ ይጻፋል።