ወደ ቆላ ለሚወርድ ሠራተኛ የመድኃኒት ስንቅ



የጉዞ ትእዛዝ የደረሰው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ውሎ አበሉ፣ ስለ መኪናውና ስለሚይዛቸው ወረቀቶች ነው። ጉዞው ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ሑመራ ወይም ወደ ሌላ የቆላ አገር ሲሆን ግን ከሁሉ በፊት ሊሰናዳ የሚገባው የመድኃኒት ስንቅ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

ብዙ ሰው፣ «አገሬው የሚኖርበት ቦታ እኔን ምን ያደርገኛል?» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወባ በበረታበት ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በበሽታው ደጋግሞ ስለተያዘ፣ ሰውነቱ በመጠኑ የመቋቋም ኀይል አግኝቷል፤ ይህም ኀይል የተገኘው ብዙ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ በአዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህ ኀይል የለውም። መከላከያ የሌለው ሕዝብ በወባ ሲመታ ምን እንደሚደርስበት በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ታይቷል። በዚያን ጊዜ ወረርሽኙ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ተዛምቶ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል።

እንግዲህ የስንቁ የመጀመሪያ ክፍል ወባ እንዳይዝ አስቀድሞ የሚዋጠው ኪኒን ነው። በቀድሞው ዘመን የታወቀው ክሎሮክዊን፣ ፋልሲፓረም በተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ላይ በአገራችን ኀይሉን ስላጣ ዛሬ ለዚህ አይታመንም። ሐኪም ከሚያዝዛቸው አንዱ ሜፍሎክዊን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን፣ ከጉዞው 2 ወይም 3 ሳምንት አስቀድሞ ይጀመራል። ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ የሚጀመረውም ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ነው። ሁለቱም ከተመለሱ በኋላ እስከ 4 ሳምንት አይቋረጡም። ምክንያቱም የወባው ተውሳክ መጀመሪያ በጉበት ውስጥ ይሸሸጋል፤ ቆይቶ ወደ ደም ሲወጣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሊጠብቀው ይገባል። ነገር ግን ሜፍሎክዊን የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው፣ ዶክሲሳይክሊንም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ስለዚህ ባልንጀራ ከሚያካፍለው ኪኒን ይልቅ የሐኪም ምክር ይበልጣል። ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚሄድ ደግሞ ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ይጠይቅ፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወጋት አለበት።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ዛሬ ትእዛዝ ጽፎ «ነገ ተነሥ» የሚል የክፍል ሹም፣ ሳያውቀው የሠራተኛውን የመከላከያ ጊዜ ይወስድበታል። ጉዞው ቀደም ብሎ የታወቀ ከሆነ ሠራተኛውም ቀደም ብሎ ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው ክፍል አጎበር ነው። የወባ ትንኝ በይበልጥ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ እጀ ረጅም ልብስና ትንኝ የሚያባርር ቅባት ያስፈልጋሉ። «የማድረው በከተማ ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም። በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በከተማ በርሜልና የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች።

ሦስተኛው ክፍል በትንሽ ሣጥን የሚያዝ ነው፤ ይኸውም የሙቀት መለኪያ፣ ፋሻና የቁስል ማጽጃ፣ ለተቅማጥም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ የሕይወት አድን ቅመም ፓኬት ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከጉዞው ቀን ብዛት አስበልጦ ይያዝ። መድኃኒት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፤ በተለይ ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተመለሱ በኋላ ነው። መንገደኛው ከቤቱ ገብቶ፣ ከ1 ሳምንት በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ትኩሳት ሲይዘው «ብርድ መታኝ» ብሎ ይተኛል። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ቢያበርድም ወባውን አይገድልም፤ ፋልሲፓረም ደግሞ ሳይታከም ቢቀር በጥቂት ቀናት ውስጥ ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ ትኩሳት የተሰማው ሰው በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሳይጠየቅም «ቆላ ወርጄ ነበር» ብሎ ይናገርና ደሙን ያስመርምር። ይህች አጭር ቃል ከስንቁ ሁሉ የምትበልጥበት ጊዜ አለ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ነገሩን በአጭሩ ፈጽመውታል። መልካም መንገድ ያድርግላችሁ።