ስልኩ ሞልቶ እንጂ አርጅቶ አይደለም

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ግቢ የምንገኝ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ ስልካችን ሲንቀረፈፍ «አዲስ ግዙልኝ» ብለን ወደ ቤተሰብ ከመደወላችን በፊት ነገሩን እንመርምር።

የስልክ ሜሞሪ የተያዘውን ቦታ ሳያጸዳ አዲስ ነገር ሊጽፍበት አይችልም። ስለዚህ ባዶ ቦታ ሲያጣ፥ እንደ ሞላ ጎተራ፥ አሮጌውን ሲያዛውር ጊዜ ይፈጃል፤ መዘግየቱም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ቦታውን የሚያጣብበውም አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም የወረደ የቪዲዮና የፎቶግራፍ ቅጂ ነው።

እንግዲህ በቴሌግራም ሴቲንግ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፥ ቀጥሎም «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ገብተን ካሹን እናጥፋ። ሀንድአውቱ ከቻናሉ እስካልተሰረዘ ድረስ እንደገና ይወርዳል፤ ሆኖም ዳግመኛ ዳታ ስለሚበላ የፈተናውን አስቀድመን ለይተን እናስቀምጥ። ከ10 እጅ 1ዱ እንኳ ባዶ ሲሆን ስልኩን አጥፍተን እናብራ።

ይህ ሁሉ ሳይሞከር የአባት ስንዴ ለስልክ አይሸጥ!